የጋሼ ሊን ጥላ ቤት

እርጥብ ጥቁር ጨርቅ ሲሸተኝ ዛሬም ካለሁበት ቆም እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አማኑኤል ከተማ ቀብር ውዬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሚኒባስ ስጠብቅ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። ሮጥኩ ልበል? በዚህ ጉልበት መሮጥ ድሮ ቀረ፤ እየተጎተትኩ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። አጠገቤ አንድ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው ውሃውን አራገፉት። ያ ሽታ መጣ፤ ጨርቅ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ትንሽም ዝገት ዝገት የሚል። ስንት ዓመት ሆነው? እንጃ፣ እኔ ዓመት መቁጠር ትቻለሁ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚጠጣበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። አሁን እዚያው በረንዳ ላይ ሻይ ስንት እንዳስከፈሉኝ አልነግራችሁም፤ ስኳሩን ተዉት ብላቸው እንኳ አልቀነሱልኝም።

የማን ቀብር ነበር ብትሉኝ ሟቿን በቅጡ አላውቃትም። ድሮ አብሮኝ መጋዘን ይጠብቅ የነበረ ሰው አማት ናት። ልጆቼ «አባዬ፣ ደግሞ ይኼ ምን አገባህ? ጉልበትህን እያመመህ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ ስልኩ መጣ ሲባል ይጠፋል፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ተሳልሞ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እኔ ግን ቀብር አይቀርብኝም። የማውቀውም የማላውቀውም ይሁን፣ ጥሩምባ ከተነፋ ጋቢዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ። ደክሞኛል፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደክሞኛል። ለምን እንደማልቀር ግን ለልጆቼም፣ ነፍሷን ይማርና ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም።

«ጋሽ ደምሴ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዘወር ስል አንዲት ሴት ነጠላዋን ከራሷ ላይ እየሰበሰበች ታየኛለች። ሽበት ጀምሯታል፣ መነጽር አድርጋለች።

«የሺ ነኝ እኮ! የጥላ ቤቷ የሺ። ረሱኝ?»

እንዴት አድርጌ እረሳታለሁ! ተሳሳምን፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ አራቴ። ያኔ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ባል አግብታ ባሕር ዳር ገባች፤ እዚያው ሦስት ልጅ አሳደገች፤ ባሏ ሲሞትባት ደግሞ እህቷ ጋ አማኑኤል ተመልሳ ዓመት ሆኗታል። አሁን ማርቆስ የምትሄደው ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ ነው። «መርፌ ነው የጨረሰኝ» አለችና ሳቀች። የልጆቻችንን፣ የጤናችንን፣ የኑሮ ውድነቱን ሁሉ ተጠያየቅን። በመጨረሻ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«ጋሼ ሊንስ? የት ይድረስ፣ ምን ይሁን፣ ሰምተው ያውቃሉ?»

«አልሰማሁም» አልኳት። አልሰማሁምም። ስሙን ከእሷ አፍ ስሰማው ግን ሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ሊን የታይዋን ሰው ነበር። ከተማው ግን «ፈረንጁ» ነበር የሚለው፤ ያኔ ለእኛ ነጭ ሆነ ሌላ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሁሉ ፈረንጅ ነው። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የመንገድ ሥራ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ መጣ። መንገዱ አለቀ፣ ጓደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፣ እሱ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲባል እየሳቀ «ዝናብ ብዙ፣ ቄስ ብዙ፣ ጥላ ስብርብር!» ይል ነበር። አልተሳሳተም። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ተከራየ፤ የጥላ ብረትና ዘንግ በካርቶን እያስመጣ፣ ጨርቁን እዚህ እያስቀደደና እያሰፋ መሸጥ ጀመረ። ስድስት የስፌት መኪና፣ ስድስት ሴት፣ እኔ ደግሞ ካርቶን ተሸካሚ።

ያ መንገድ ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት አታውቁትም፤ ባጃጅ ከባጃጅ ይጋፋበታል፣ ያልተከፈተ ሱቅ የለም። ያኔ ግን ከእኛ በታች አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ የጎጃም ማሲንቆ ሲያንቆረቁርልን ይውላል፤ ሴቶቹም መኪናቸውን በዚያው ምት ይረግጡታል። ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካይ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤት፤ ትኩስ ዳቦ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ያውም መዳፍ የሚሞላ። ከገጠር የሚመጣው ሰው ካኪ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በረባሶውን እያንኳኳ ይመጣና ደጃችን ላይ ይቆማል። ጥላውን ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ይስቃል። «ይኼ ደግሞ ታይዋን ነው!» ይላል። ያን ጊዜ በገበያ ታይዋን ማለት ውሎ የማያድር ዕቃ ማለት ነበር፤ የማይሠራ ሰዓት ታይዋን፣ የሚላቀቅ ጫማ ታይዋን፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ሳይቀር ታይዋን ነው። ጋሼ ሊን ይህን የሰማ ቀን ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። እሱ ጥላውን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ መልሶ ሰጠውና «አሁን ስበር» አለው። ገበሬው ታገለ፣ አላበው፣ አፈረ፣ በመጨረሻም ገዛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጥላ ሠላሳ ጊዜ ሳይከፈትና ሳይዘጋ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከፋቹና ዘጊው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ክንዴ እስኪዝል።

ሥራ ሲሠራ ልታዩት ይገባ ነበር። ከሁላችን በፊት ይገባል፣ ከሁላችን በኋላ ይወጣል፣ የወደቀች ክር እንኳ ያነሣል። «ነገ እንጨርሰዋለን» ስንለው «ነገ የለም፤ ዛሬ አለ» ይላል። የከበደው ነገር የእኛ በዓል ነው። ገና እንደመጣ ግድግዳው ላይ የወሩን ቀናት ለጠፈና ሥራ የማይሠራበትን ቀን ንገሪኝ አላት የሺን። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ ቅዳሜና እሑድ እያለች ስትቆጥርለት በቀይ እስክሪብቶ ያቀልማል፣ ያቀልማል። ጨርሶ ራቅ ብሎ አየውና «ደምሴ፣ ይኼ ወር ታሟል» አለኝ። ሰነፎች ነን ብሎ አሰበ። እኔንም ደሜን አፈላው። በልጅነቴ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ፣ ለምኖ በልቶ፣ ውሻ ነክሶት፣ አምስት ዓመት ስድስት ዓመት ለአንድ ትምህርት የሚቀመጥ ተማሪ ሰነፍ ነው? ለጤፍ አምስት ጊዜ ስድስት ጊዜ የሚያርስ ገበሬ ሰነፍ ነው? ብዬ ተከራከርኩት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ስለ ተማሪው ስነግረው «እኛ አገር እንዲህ ነው። ልጅ ሁሉ ለፈተና ይሞታል» አለ።

አንድ የማርያም ቀን ደግሞ ይጁቤ የሚባል የገጠር ከተማ አብሮኝ ሄደ፤ ዘመድ ልጠይቅ ነው። አንዲት ባልቴት ቤቷ ተቃጥሎባት አገሩ ሁሉ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ ቤት ያቆማል። ጋሼ ሊን ቆሞ አየና «በዓል አላልክም?» አለኝ። «በበዓል ለራስ አይሠራም፤ ለእሷ ግን ይሠራል» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ ጭቃው ውስጥ ገባ። ያን ቀን ይጁቤ ያየው ሳቅ! ባልቴቷ እንኳ ሐዘኗን ረስታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ በዓላችን ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማሁም።

ይህ የሥራ ነገር ከየት መጣባችሁ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ሽሮ በልተን ካርቶን ላይ ተቀምጠናል። በዚያ ስብርባሪ አማርኛው እየተንተባተበ ነገረኝ። ቅድመ አያቶቹ ባሕር ተሻግረው ደሴቲቱ ላይ ሲወርዱ መጥረቢያና የአባቶቻቸው ስም የተጻፈበት ጣውላ ብቻ ይዘው ነበር፤ ተራራውን መንጥረው ሩዝ ዘሩበት። ቀጥሎ ጃፓኖች መጥተው ገዟቸው፤ አባቱ ትምህርት ቤት ባረፈደ ቁጥር በቀርከሃ ተገርፎ ሰዓት አክባሪ ሆነ። ጦርነት መጣ፤ ስኳር ድንች ተበላ፤ ሩዝ ከተገኘ ለሕፃን ነው። እሱ ልጅ ሳለ ደግሞ አመሻሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና የሰፈሩን ቤት ሁሉ እየዞረ ካርቶን ያራግፋል፤ የጥላ ብረት ነው። ልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራቸውን ጨርሰው ከእናታቸው ጋር ሳሎን ውስጥ ጥላ ይገጣጥማሉ። «ሳሎን አልነበረም፤ ፋብሪካ ነበር» አለኝ። እናቱ ጥላ ስትገጣጥም አርጅታ ሞተች። ፎቶግራፏ ከመኪናዎቹ በላይ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዋን ስኒ ሻይ ከፊቷ ያስቀምጥላታል። ሴቶቹ «ዛር አለበት» እያሉ ያሙት ነበር።

«ሥራ በጣም ትወዳለህ ማለት ነው» አልኩት።

«እኔ? አልወድም» አለኝ። «ማን ይወዳል? ግን እናቴ ታያለች።»

እኔ የዚያን ቀን ይህ ነገሩ አልገባኝም። ከተናገረው ሁሉ ይዤ የቀረሁት ቀርከሃውን ነው። አለቃ አድርጎ ሲሾመኝ የእጅ ሰዓት ገዛልኝ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ኪስ ፊሽካ ገዛሁ። በሰዓቱ ያልገባችን እገላምጣለሁ፣ ስትስቅ ያየኋትን እገሥጻለሁ፣ ካሴት ቤቱ ድምፅ እንዲቀንስ ሄጄ ተጣልቼ አውቃለሁ። ለቅሶ ልንደርስ ነው ሲሉኝ «ሁላችሁም ምን ያደርጋል? አንዷ ትበቃለች» እላለሁ። ጋሼ ሊን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርግ ብሎኝ አያውቅም። የሺ አፏ ስለት ናት፤ በሳቅ እያዋዛች «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው፣ ጋሽ ደምሴ» ብላኛለች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን ኮርቷል፤ ከታይዋኑ በላይ ታይዋን ሆኛለሁ እኮ!

ለሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀር ነው። ከደብረ ወርቅ በኩል ብዙ ጥላ ታዝዞ ነበር፤ ለካህናት። ጋሼ ሊን ዕቃ ሊያስለቅቅ አዲስ አበባ ሄዷል። ሲሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አድርጎ «ቤቱ ያንተ» አለኝ። ትእዛዙን ሊረከቡ የሚመጡት በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። ወጣሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የየሺ እናት ሌሊት ዐርፋለች። ቀብሩ አማኑኤል ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት። እንደምንም ብለህ በአራት ሰዓቷ አውቶቡስ ስደዳት፤ አደራ» አለኝ። እሱ ለሌሎች ዘመዶች ሊነግር ወደ ታች ሄደ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በሥራ ላይ ዱብ አይደረግም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገራት። ቀብሩ ራቅ ያለ እንደሆነ ደግሞ «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ተብላ ትሸኛለች፤ ደጁ ስትደርስ ከለቅሶው ታውቀዋለች። እንዲህ ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ወደ ውስጥ ገባሁና አየኋት። ጨርቁን ከብረቱ ጫፍ ጋር በእጅ የምትሰፋው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ሲሰፉት ይላላል። ያለ እሷ ጥላ አያልቅም። ጥቂት ነው የቀረን፤ ጥቂት ትስፋና በኋላ የእህል መኪና አይጠፋም፣ አሳፍራታለሁ፣ ትደርሳለች አልኩ። መርዶስ ቢሆን በጥድፊያ ይነገራል እንዴ? አልኩ። ወጉን ሽፋን አደረግኩት። አራት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ክላክሱን እያሰማ በደጃችን አለፈ። የሺ ቀና አላለችም፤ ከካሴት ቤቱ ጋር እያንጎራጎረች ትሰፋለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ጨረስን። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል፤ አንድም መኪና የለም። ስምንት ሆነ። ሰዎቹ መጥተው ጥላቸውን ተረከቡ፣ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሰዓት ላይ አንዲት የጭነት መኪና አገኘሁና «የሺ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ሂጂ» አልኳት። ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰው ተበትኗል።

ከሰልስቱ በኋላ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷን ቧጭራለች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው አለቀሱ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ቀጥ ብላ እኔ ዘንድ መጣች።

«ሰውዬው ሦስት ሰዓት ላይ ነው የነገርኩት አለ። ሦስት ሰዓት! ማን ነው ያስቀረኝ፣ ጋሽ ደምሴ?»

ሁሉም ያዩኛል። «ጋሼ ሊን ነው» አልኩ። «ሥራው ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ ብሎ አዞኝ ነው የሄደው። እኔ ምን ላድርግ? ሠራተኛ ነኝ።»

ወሬው ሳይመሽ ማርቆስን አዳረሰ። «እናት የማያስቀብር ፈረንጅ» ተባለ። ሴቶቹ በማግስቱ አልመጡም። ቄስ ጥላውን አምጥቶ ደጃችን ላይ ጥሎ ሄደ። ጋሼ ሊን በአምስተኛው ቀን ሲመለስ ባዶ ቤትና እኔን አገኘ። ምን ሆነ አለኝ። ሰውዬው መምጣቱን፣ የሺ ቀብር አለመድረሷን፣ ከተማው እሱን እንደሚያማ ነገርኩት። እሱ ነው ያዘዘኝ ማለቴን አልነገርኩትም፤ መንገር ግን አላስፈለገውም። ፊቴን ብዙ አየው።

«ደምሴ፣ እኔ እንዲህ ብያለሁ?» አለኝ።

ከወለሉ ክር መልቀም ጀመርኩ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። የእናቱን ፎቶግራፍ ከመደርደሪያው አውርዶ በእጅጌው ጠረገው። «ቤቱ የእኔ ነው። በቤቴ የሆነ የእኔ ነው» አለ። ለማንም «እኔ አላልኩም» ብሎ አልተከራከረም። መስከረም ሳይጠባ ስድስቱን የስፌት መኪናዎች ለስድስቱ ሴቶች ሰጥቶ፣ መጋዘኑን ዘግቶ፣ በአንዲት ሻንጣ ሄደ። መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ መጋዘን ጠባቂነት ተቀጠርኩ፣ ሚስት አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያች ሰኔ ወዲህ የቀረብኝ ቀብር የለም።

«ጋሽ ደምሴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ የሺ፤ አጎንብሳ ፊቴን ታያለች።

«ደህና ነኝ። ድካም ነው።»

«እኔ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፣ ጋሼ ሊንን» አለች። «ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይረግመዋል። እኔ ግን ምሬዋለሁ። አልሰሙም? አርባዋ በወጣ ማግስት እኮ ብቻውን አማኑኤል ድረስ መጣ። መቃብሯን አሳዪኝ አለኝ። ወንድሞቼ ሊደበድቡት ነበር፤ እኔ ነኝ ተዉት ያልኩ። ክረምት አይደል፣ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ተንበርክኮ በእጁ ነቀለው፤ አንድም አላስቀረ። ‹አገራችን በዓመት አንድ ቀን ፋብሪካው ሁሉ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ የእናት የአባቱን መቃብር ያጸዳል› አለኝ። ‹የእናቴን የሚያጸዳልኝ ወንድሜ ነው› አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ አጎነበሰላት። ‹ጥፋት የእኔ ነው› አለኝ። ሲያለቅስ አየሁት፣ ጋሽ ደምሴ። ማርኩህ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ያን ባልለው ኖሮ እኔም አልድንም ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው ሄደዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሽ የኖርኩት ነገር እዚያች በረንዳ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ጋሼ ሊን የለም፣ መጋዘኑ የለም፣ እኔም ነገ የለሁም። ግን አልቻልኩም፤ ደክሞኛል ብያለሁ።

«የሺ፣ እሱ አላለም» አልኳት። «ጋሼ ሊን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቁልፉን ሰጥቶኝ ነው የሄደው። መርዶውን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ላንቺም የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሰማች አልመሰለኝም። መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ልንበረከክ ደፉን ይዤ ስነሣ «ተዉ! ተዉ ሰው ያየናል» ብላ ክንዴን ያዘች።

«ታዲያ እኔ ያን ምሕረት ለማን ነው የሰጠሁት?» አለች።

ደፉ ላይ መልሼ ተቀመጥኩ።

«እንዴት ታግዬ እንዳገኘሁት ያውቃሉ? አርባ ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። አንድ ምሕረት ነበረኝ፣ እሱን ሰጠሁት። እሱ ደግሞ አላጠፋም። አላጠፋም እኮ!» ነጠላዋን መልሳ ራሷ ላይ ጣለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእርስዎ የሚሆን አለኝ የለኝም፣ እንጃ። ዛሬ እንዳይጠይቁኝ» አለች።

«አልጠይቅሽም» አልኳት።

ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ መጣ። ሁለት ሰው የቀረው ነበርና ገባን፤ የቀረው ቦታም አንድ ወንበር ላይ ነው፣ ጎን ለጎን። እስከ ማርቆስ ድረስ በመስኮቱ ስታይ ቆየች። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበርና ወርደን ስንመለስ ክንዴን ደግፋ አሳፈረችኝ፤ ይህን ስታደርግ ግን አላየችኝም። ዝናቡ አባርቷል፣ ማሳው ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ ሰው በዚያ ጭቃ ከብቱን እየነዳ ይመለሳል።

መናኸሪያው ደረስን። እሷ ቀድማ ተነሣች። አንድ እግሯን መውረጃው ላይ አድርጋ ዘወር አለች።

«ለመሆኑ አውቶቡሱ ሲያልፍ፣ ስንት ጥላ ነበር የቀረን?»

እኔ ዓመት አልቆጥርም ብያለሁ፤ ይህን ግን ቆጥሬው ነበር፤ ያን ቀን አጠገቧ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።

«አሥራ አንድ» አልኳት።

«አሥራ አንድ» አለችና ወረደች።